ቀሪው ወዴት ይሄዳል? ከደሴ ዙሪያ ሠራተኞች የሰበሰብነው ሒሳብ

ጥቅምት 2018፣ ደሴ

ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከሒሳብ ክበብ ልጆች ጋር አንድ ሥራ ጀምረናል። በደሴና በአካባቢዋ ያሉ ሠራተኞች ጋ እየሄድን በየዕለቱ የሚሠሩትን ሒሳብ እንጠይቃለን። ያገኘነውን በካርድ እንጽፋለን። ከፊት ጥያቄው፣ ከጀርባ ሠራተኛው ራሱ የሚሠራበት መንገድ። ከካርዱ ጋር በእጅ የሚያዝ ዕቃም ይኖራል። ሲባጎ፣ የውሃ ቱቦ፣ ጠብታ መቁጠሪያ። ሁሉም አንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑን የሠሩልን የአንዷ ተማሪ አባት ናቸው፤ አናጢ ናቸው።

ልጆቹ ሁሌ "ቲቸር፣ ይሄ የት ያገለግላል?" ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከእኔ አፍ ሲወጣ አያሳምንም። ግንበኛ ቢነግራቸው ይሻላል።

እኔም የራሴን ጥያቄ ይዣለሁ። ክፍል ውስጥ ስናካፍል ቀሪ ከመጣ "ቀሪ 2" ብለን እንጽፋለን፣ ወይም ነጥብ አድርገን እንቀጥላለን። ሥራ ላይ ግን ግማሽ ብሎኬት ወይም ሰባት አሥረኛ ጠብታ ሲመጣ አንድ ሰው መወሰን አለበት። ይጨምራል? ይቀንሳል? ለማን ይሰጣል? በየሄድንበት ይህን ልጠይቅ አስቤያለሁ።

አንድ ደንብ አለን። ካርዱ ተጽፎ ሲያልቅ ለባለሙያው ተመልሶ ይነበባል። "እኔ እንዲህ አልሠራም" ካለ ካርዱ ይቀየራል።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ሐይቅ

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የብሎኬት ቤት መሠረት እየተቆፈረ ነው። ሥራ እንዳናስፈታ ሰግቼ ነበር። ግንበኛው ግን ልጆቹን ሲባጎ አስይዘው ሥራ ሰጧቸው።

መጀመሪያ ማዕዘን ማውጣት ነው። ከአንድ ችካል በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ይለካል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ልክ 5 ሜትር እስኪመጣ ሲባጎው ይጠጋል ወይም ይርቃል። 5 ሲሞላ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ የፓይታጎረስን ሕግ ተምረዋል። 9 ሲደመር 16፣ 25 ይሆናል። ጭቃ ላይ ቆመው ሲባጎ ወጥረው ግን አያውቁም።

አንዱ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። "ጋሼ፣ በ30፣ በ40 እና በ50 ሳንቲ ሜትር ለምን አይሠሩትም? ይቀላል እኮ።"

"ትንሽ ስኳድራ ላይ ስህተት አይታይህም" አሉት። "ግድግዳው እየረዘመ ሲሄድ ነው የሚታይህ። ያኔ ደግሞ ሲሚንቶው ደርቋል።"

ክፍል ተመልሰን አሰላነው። በትንሿ ሦስት ማዕዘን 50 መሆን ያለበት 50.5 ቢሆን፣ 9 ሜትር ግድግዳ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ይስታል። በትልቁ ግን ያው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት ጫፉ ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ስህተቱ እኩል ነው፤ ጉዳቱ አሥር እጥፍ ይለያያል። ይህን ካርድ በጣም ወድጄዋለሁ። ከመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ "ስህተት ሲኖርስ?" የሚል ጥያቄ አላገኘሁም።

ከዚያ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለኩ። ቤቱ 9 በ7 ነው። ልጆቹ ካልኩሌተር አወጡ። 81 ሲደመር 49፣ 130። ስኩዌር ሩቱ 11.40። ሜትሩም 11 ሜትር ከ40 አለ። ደስታቸው ልዩ ነበር። ግንበኛው ግን ስንት ሆነ ብለው አልጠየቁም። እሳቸው የሚፈልጉት ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸውን ብቻ ነው። እኩል ከሆኑ ቤቱ ልክ ነው፤ ሩት ማውጣት አያስፈልግም። አንዷ ተማሪ "ትራፒዝየም ቢሆንስ? እሱም እኩል ሰያፍ ሊኖረው ይችላል" አለች። እውነቷን ነው። "ለዚህ ነው መጀመሪያ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች የምለካው" አሏት። ማረጋገጫው ሁለት ደረጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው።

ብሎኬቱ ላይ ብዙ ቆየን። አንድ ብሎኬት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ፊት አለው። 1 ካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ይፈልጋል ይላሉ። 9 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 27 ካሬ ሜትር ነው። በሩና መስኮቱ 3.33 ይወስዳሉ። 23.67 ይቀራል። በ12.5 ሲባዛ 296 ገደማ። እሳቸው በቃላቸው "ሦስት መቶ ካልሞላ አትዘዝ" አሉ።

ልጆቹ ግን አንድ ነገር ያዙ። በብሎኬቶቹ መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሚንቶ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ብሎኬት የሚሸፍነው 41 በ21 ነው። እንዲህ ሲሰላ ለ1 ካሬ ሜትር 11.6 ይበቃል። ለግድግዳው 275። ታዲያ ሃያ ምናምኑ ብሎኬት የት ገባ?

"ስባሪው ነዋ!" አሉ። "ከመኪና ሲወርድ ይሰበራል፣ ስትጠርበው ይሰበራል። ቁጥሩ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።"

የመጀመሪያውን መልስ አገኘሁ። ግንበኛው ቀሪውን ወደ ላይ ይወስደዋል። ያውም በመጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ 12.5 የምትለዋ ቁጥር ውስጥ ደብቆ። ብሎኬት መሀል ላይ ቢያልቅ መኪና እንደገና መከራየት ነው። ቢተርፍ ለአጥር ይሆናል። 9 ሜትር ለ40 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል የሚመጣው 22 ከግማሽም አይባክንም። አንዱ ረድፍ በሙሉ ብሎኬት ይጀምራል፣ ቀጣዩ በግማሽ፤ መጋጠሚያው እንዳይገጣጠም። ስባሪዋ እዚያ ሥራ ታገኛለች።

የውሃ ልኩ ደግሞ ቁጥር የሌለው ሒሳብ ነው። በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሞላል። ሁለቱ ጫፎች ይነሳሉ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ መሬቱ ቢያዘነብልም። አየር ከገባበት ብቻ ይዋሻል። ቱቦና በ12 እኩል ቦታ የታሰረ ሲባጎ ወደ ሳጥኑ ገቡ።

ኅዳር፣ ደሴ

ነርሷ ያስተማረችን ስለ ግሉኮስ ነው። ታካሚ አጠገብ አልሄድንም። ያልተከፈተ የግሉኮስ ማስተላለፊያ ቱቦ ይዛ ራሷ ክፍላችን መጣች።

ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ አዝዟል እንበል። ቱቦው ማሸጊያ ላይ 1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው የሚል ተጽፏል። 20,000 ጠብታ በ480 ደቂቃ። በደቂቃ 41.67 ጠብታ ይመጣል።

"0.67 ጠብታ አይቼ አላውቅም" አለች ሲስተር። ልጆቹ 42 አሉ። "እሺ፣ 42። ግን እኔ ሙሉ ደቂቃ ቆሜ አልቆጥርም፤ ሌላም ታካሚ አለኝ። በ15 ሰከንድ ነው የምቆጥረው።" 42 ለ4 ሲካፈል 10.5 ነው። እንደገና ግማሽ ጠብታ መጣ። 10 ከሆነ በደቂቃ 40 ነው፤ ፈሳሹ በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያልቃል። 11 ከሆነ በደቂቃ 44፤ በ7 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ። ታዲያ የቱን?

"ሰውየውን አይቼ ነዋ" አለች። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ለአረጋዊም፣ ወደ ዘገምተኛው ታደላለች። ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ሲገባ ሳንባ ላይ ሊያጠራቅም ይችላል። ቀሪዋን ግማሽ ጠብታ የሚወስናት ቁጥሩ ሳይሆን ሕመምተኛው ነው። ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። እኔ ሁሌ "0.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ አጠጋጉ" ብዬ ነው የማስተምረው። እዚህ ያ ሕግ ብቻውን አይበቃም።

ቆጠራውንም ብቻውን አታምነውም። ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ሰዓት ትጽፍበታለች። 1000 ለ8፣ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር። ከሁለት ሰዓት በኋላ 250 ካልወረደ፣ አንድ ነገር ተለውጧል። ለልጆች የሚውለው ቱቦ ደግሞ 1 ሚሊ ሊትሩ 60 ጠብታ ነው። አንድ ሰዓትም 60 ደቂቃ ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ። በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ከታዘዘ በደቂቃ 30 ጠብታ ነው፤ በቃ። ለጨቅላ ሕፃን ሌሊት ላይ ማካፈል እንዳያስፈልግ ሆኖ የተሠራ ይመስላል።

እኛም ውሃ ሰቅለን ሞከርን። ልጆቹ እየተፈራረቁ ቆጠሩ። ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ጠብታውም መዘግየቱን ራሳቸው አስተዋሉ። ሲስተር ለምን ደጋግማ እንደምትመለስ ያኔ ገባቸው።

ታኅሣሥ፣ ኮምቦልቻና ባቲ

ይህ አጭር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርድ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይቀንሳል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነዳጁን እንዴት እንደሚያሰላ ጠየቅነው። ጭኖ ሽቅብ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር፣ ባዶውን ቁልቁል 8 ይሄዳል አለን። ልጆቹ ወዲያው "በአማካይ 6" አሉ። እሱ ግን በአማካይ አይሠራም። መውጫውን ለብቻ፣ መውረጃውን ለብቻ ያሰላል። ሽቅብ 6 ሊትር ከሩብ፣ ቁልቁል 3 ከትንሽ። ድምሩ 9.4 ገደማ። 50 ኪሎ ሜትር በ9.4 ሲካፈል 5.3 ነው እንጂ 6 አይደለም። በ6 ያሰላ ሰው ሐረጎ ላይ ይቆማል። ሾፌሩ 10 ይሞላል። ቀሪው የነዳጅ ጋኑ ውስጥ ይቆያል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ። ልጆቹ መልስ አሰጣጡን ጻፉ። 137 ብር ገዝተህ 200 ብትሰጥ፣ ሻጯ እናት አትቀንስም። ከ137 ተነስታ ትጨምራለች፤ 3 ብር፣ 140፤ 60 ብር፣ 200። ብሩን እየቆጠረች በእጅህ ስታስቀምጥ ሒሳቡም አብሮ ያልቃል። አንተም አብረህ ስለምትቆጥር ክርክር የለም። አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ይህን ካርድ ወስደውታል።

ጥር፣ ደሴ

የጥር ወር ነነዌ ሊገባ ሲል ነው ወደ መሪጌታ የሄድነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ያስተምራሉ። "በዓሉ መቼ እንደሚውል አንቱ እንዴት ያወጡታል?" አልናቸው። ልጆቹን ደብተር አስወጥተው እያንዳንዷን ደረጃ አሠሯቸው። በሙሉ እጽፈዋለሁ፤ የቻለ ይከተል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ይቆጠራል። 2018 ሲጨመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ማካፈል ነው። 395 ጊዜ ይደርሳል፤ 13 ይቀራል።

"395ቱን ተዉት" አሉ መሪጌታ። "የሚያስፈልገን 13ቱ ነው።"

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በሌላው ሁሉ ስናካፍል ድርሻውን ይዘን ቀሪውን ምን እናድርገው እንላለን። እዚህ ድርሻው ይጣላል፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በቀሪው ነው።

ከ13 አንዱ ለዘመኑ ይተዋል። 12 ይቀራል፤ ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም 30 እየወጣ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 12 ይቀራል። ይህ አበቅቴ ነው። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18። ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው። 12 ሲደመር 18፣ 30። ካልሞላ አንዱ ተሳስቷል፤ ወደ ላይ ተመልሶ መፈተሽ ነው። እንደ ግንበኛው ሁለት ሰያፎች፣ ማረጋገጫው ከሥራው ጋር አብሮ ተሠርቷል።

መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ መስከረም 18 ላይ ዋለ። ዕለቱ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው። 18 ሲደመር 7፣ 25፤ ይህ መባጃ ሐመር ይባላል። ነነዌ ጥር 25፣ ሰኞ። የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14 ነው። 25 ሲደመር 14፣ 39፤ ከ30 ሲወጣ የካቲት 9። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው። 25 ሲደመር 9፣ 34፤ ከ30 ሲወጣ 4፤ ሚያዝያ 4፣ እሑድ። አንዷ ልጅ ወደ ቤቷ ሮጣ የቀን መቁጠሪያ አመጣች። ሁሉም ገጠመ።

11 ከየት መጣች ብለን ጠየቅን። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ የጨረቃ ዓመት 354። ልዩነቱ 11 ነው። 19ኟ ደግሞ 30 ሲቀነስ 11 ናት። ሁለቱ ሲደመሩ 30 የሚሞሉት ለዚህ ነው። ልጆቹ ይህን በፊደል አድርገው አረጋገጡ። ወንበርን በ11 እና በ19 ማባዛት፣ ሲደመር ወንበር በ30 ማባዛት ነው፤ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ወንበር ዜሮ ሲሆን ብቻ ለየት ይላል፤ ያኔ አበቅቴ ዜሮ፣ መጥቅዕ 30 ይባላል። ለስምንተኛ ክፍል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የካቲት፣ ደሴ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ወሎ ውስጥ በአንድ ግቢ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀን ላይ ቡና የሚፈላበት ቤት ጠፋ። ልጆቹ ይህን ከመሪጌታ 11 ጋር አያያዙት። ረመዳን በጨረቃ ዓመት ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። ያችው 11 ናት። መሪጌታ በዓሉ ከወቅቱ እንዳይወጣ ያስተካክሏታል፤ ሼሁ ዘንድ ሳትነካ ስለምትቀር ጾሙ በወራቱ ሁሉ ይዞራል። ይህን ያገኘው አንድ ዝምተኛ ልጅ ነው። ካርዱን ራሱ እንዲጽፈው ሰጠሁት።

ሼሁ ጋ የሄድነው ግን ለሚራስ፣ ለውርስ ክፍፍል ነው። ምሳሌውን እሳቸው ሰጡን። አንድ ሰው ሞተ። ሚስት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ተረፉት። መጀመሪያ የቀብር ወጪና ዕዳ ይከፈላል። ከዚያ ልጅ ስላለ ሚስት ስምንተኛ፣ እናት ስድስተኛ ትወስዳለች። የተረፈው ለልጆቹ ነው፤ ወንዱ የሴቷን እጥፍ።

8ና 6ን የሚያስታርቀው 24 ነው። ሚስት 3፣ እናት 4። 17 ይቀራል። 17 ለሦስት ድርሻ አይካፈልም።

"አሁን ምን ታደርጋላችሁ?" አሉ ሼሁ። አንዱ "5.67" አለ።

"ልጄ፣ የሙት ልጅ ገንዘብ አይጠጋጋም።"

ቀሪውን ማንም ላይ አይጥሉትም። መሠረቱን ያሳድጉታል። 24ን በ3 ሲያባዙት 72 ሆነ። ሚስት 9፣ እናት 12፣ ወንዱ 34፣ ሴቷ 17። ድምሩ 72። ነጥብ የለ፣ ትርፍራፊ የለ። ከዚያ በኋላ ላሙ ተሽጦ የመጣውም፣ ያለው ብርም ለ72 ይካፈላል። ድምሩን ወራሾቹ ፊት ጮክ ብለው ይደምሩታል። ሁሉም ሰምቶ ይስማማል።

ትንሹን የጋራ ብዜት ለዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁ። እንዲህ ያለ ክብደት ሲሸከም ግን አይቼው አላውቅም። ግንበኛው ወደ ላይ ወሰደው፣ ሲስተር ሕመምተኛውን አየች፣ መሪጌታ ቀሪውን ብቻ ያዙ፣ ሼሁ ቀሪ እንዳይኖር መሠረቱን ለወጡ። ካርዶቹ ላይ አሁን አንድ መስመር ጨምረናል። "ቀሪው የሚሄደው ወደ..." ይላል። ተማሪው ይሞላዋል፤ ለምን እንደሆነም ይጽፋል።

መጋቢት፣ ደሴ

ሳጥኑ ሞልቷል ማለት ይቻላል። ካርዶቹን ሌሎች ክፍሎች ላይ ሞከርናቸው። የግንበኛው ካርድ ከሁሉ በላይ ይሠራል፤ ልጆቹ ግቢ ወጥተው ሲባጎ ስለሚወጥሩ ይመስለኛል። የሾፌሩን ብዙዎች በ6 ይመልሱታል። ጥሩ ነው፤ ለዚያ ነው የተጻፈው። የሚራሱ ካርድ ረጅም ስለሆነ ለሁለት ከፍለነዋል።

የቀረን የማሲንቆው ነው። የባቲና የአምባሰል ቅኝት አገር ሆነን ይህን ብንተው አግባብ አይሆንም። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን በማስመሪያ እንድንለካ ፈቀዱልን። ጭራው ግማሹ ላይ ሲያዝ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመጣል። ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲያዝ ከመነሻው ጋር ደስ የሚል ሌላ ድምፅ ይሰጣል። በንዝረት ብዛት አንደኛው የመነሻው ሁለት እጥፍ ነው፣ ሁለተኛው አንድ ተኩል እጥፍ። ልጆቹ አንድ ተኩልን ራሱን በራሱ 12 ጊዜ አባዙት። 129.75 መጣ። ሁለትን 7 ጊዜ ሲያባዙ 128። ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አይገናኙም። እዚህም ቀሪ አለ።

"ይቺን ትርፍ አንቱ የት ያደርጓታል?" አልናቸው። ማሲንቆ አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም። "ጣቴ ታውቃታለች" አሉና ባቲን ተጫወቱልን። ጣታቸው የት እንዳረፈ በስልክ ቀርጸናል። በአምስቱም ድምፆች ላይ ጭራው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደነበር እየለካን ነው። ካርዱ ገና አልተጻፈም፤ ከፋሲካ በኋላ ይዘንላቸው እንመለሳለን።